ፈጣኑ ዋናተኛ በምን ይለካ?

ከለገጣፎ ወጣ ብሎ፣ አዳዲሶቹ ቤቶች አልቀው የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት አካባቢ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አለ። ግቢው ውስጥ መዋኛ ገንዳ አለው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት፣ እንግዳ ሳይበዛ፣ የሰፈሩ ልጆች እየተሰበሰቡ ይለማመዱበታል። ውሃው አይሞቅም፤ ማለዳ ላይ እግር ሲነካው ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይሰማል። የእህቴ ልጅ እዚያ ትዋኛለች። እኔም እሷን አድርሼ፣ ጃኬቴን እንደደረብኩ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ልማድ ሆነብኝ።

አንድ እሁድ አሰልጣኙ ለልጆቹ ትንሽ ውድድር አዘጋጀ። ሰዓት የሚይዝ ሰው ስላልነበረው ዳር የተቀመጥነውን ወላጅና ዘመድ ሁሉ አስነሳን። ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የሚዋኙት፤ አንዷ በሁለተኛው፣ አንዷ በአራተኛው መስመር። መስመር የሚለየው በገመድ የተያያዘ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር ሦስት ሰው ስልኩን ይዞ ቆመ። እኔ ሁለተኛው መስመር ደረሰኝ። ርቀቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ፣ ቀዘፋው ነፃ ቀዘፋ ነው። የእህቴ ልጅ ገና በመጀመሪያው ዙር ስለወጣች ለማንም የማደላበት ምክንያት አልነበረኝም።

የሴቶቹ ፍጻሜ ላይ የሆነው ነገር ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሦስት ስልክ፣ አንድ ዐይን

ፊሽካ ተነፋ፤ ሁለቱ ልጆች ከግድግዳው ተወርውረው ወጡ። እስከ መሃል ድረስ እኩል ነበሩ፤ ከመሃል በኋላም እኩል ነበሩ። ሲደርሱ ውሃው ተንቦጫረቀና ሁላችንም ስልካችንን ተጫንን።

የሁለተኛው መስመር ሦስት ስልኮች 18.84፣ 18.91 እና 19.10 አሉ። የአራተኛው መስመር ደግሞ 18.79፣ 18.97 እና 18.97። ሰዓት በእጅ ሲያዝ በዓለም አቀፉ የዋና ደንብ የታወቀ አሠራር አለ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ከተስማሙ የእነሱ ይያዛል፣ ሦስቱም ከተለያዩ መካከለኛው ይያዛል። አሰልጣኙም የሚሠራው በዚሁ ነው። በዚህ መሠረት የሁለተኛው መስመር ልጅ 18.91፣ የአራተኛው መስመር ልጅ 18.97 ሆነች። ልዩነቱ ስድስት የሰከንድ መቶኛ ነው። አለቀ ብለን ስልካችንን ኪሳችን ልንከት ስንል፣ ጫፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲመለከት የነበረው አሰልጣኝ ቀና አለና “አይ፣ አራተኛዋ ናት የቀደመችው። እጇ ግድግዳውን ሲነካ በዐይኔ አይቻለሁ” አለ።

የሁለተኛዋ እናት ዝም አላሉም። “ኮች፣ ታዲያ እኛን በብርድ ለምን አቆምከን?”

አጠገባቸው የነበሩ አንድ አዛውንት፣ የአራተኛዋ አያት፣ ረጋ ብለው መለሱላቸው። “እሱስ ልክ ነሽ ልጄ። ግን ስልኩን የሚጫነው ጣት ነው። ጣት ደግሞ ይዘገያል፣ ይቸኩላል።”

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ልጆቹ ፎጣ ተከናንበው እየተንቀጠቀጡ አንዴ አሰልጣኙን፣ አንዴ እኛን ያያሉ። የአራተኛው መስመር ልጅ ወደ እኔ ጠጋ ብላ “ጋሼ፣ ማን ቀደመ?” አለችኝ። ወንዝ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል፤ እዚያ ገንዳ ዳር ግን ዳኛውም ሰዓቱም ተገኝተው የሚናገሩት ለየቅል ሆነ። አሰልጣኙ ትንሽ አሰበና ውጤቱ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ አለ። ከሳምንቱ ሙሉ ውሳኔ ያ ብቻ ነው ማንም ያልተቃወመው።

ሮም፣ ነሐሴ 1952

ያን ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ነገር የኛ ሰፈር ገንዳ ላይ ብቻ ሊሆን አይችልም ብዬ ነው። ንባቡ የወሰደኝ ሁላችንም በደንብ ወደምናውቀው ከተማ፣ ሁላችንም ወደምናውቀው ዓመት ነው።

ሮም ሲባል እኛ የምናስበው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.ን ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛ የወጣው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 25 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ደረሰ። ለእንዲህ ያለ ድል ዳኛም ሰዓትም አያከራክርም፤ ያየ ሁሉ አይቶታል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 21 ቀን፣ በዚያው ኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ፍጻሜ ተካሂዶ ነበር። እሱ ግን ዛሬም ድረስ ያከራክራል።

አውስትራሊያዊው ጆን ዴቪትና አሜሪካዊው ላንስ ላርሰን ጎን ለጎን ደረሱ። ለላርሰን ሰዓት የያዙት ሦስት ሰዎች 55.0፣ 55.1 እና 55.1 አሉ። ለዴቪት የያዙት ሦስቱም 55.2። በሰዓት ከሆነ የላርሰን ዝቅተኛውም ሆነ ከፍተኛው ቁጥር ከዴቪት ያንሳል፤ ቀድሟል ማለት ነው። ነገር ግን አንደኛ የወጣውን እንዲያዩ ከተመደቡት ሦስት ዳኞች ሁለቱ ዴቪት ነው አሉ። ሁለተኛ የወጣውን እንዲያዩ ከተመደቡት ሦስት ዳኞችም ሁለቱ ሁለተኛው ዴቪት ነው አሉ። ስድስት ሰው፣ ሦስት ለሦስት ማለት ነው። ዋና ዳኛው ሩንስትሮመር ለዴቪት ወሰኑ። ይፋ ያልሆነ የኤሌክትሪክ ሰዓትም እዚያው ነበር፤ እሱ ላርሰንን 55.10፣ ዴቪትን 55.16 ነው ያለው። ስድስት የሰከንድ መቶኛ። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ፤ የኛዎቹ ሁለት ልጆች ልዩነትም ልክ ያው ነው።

ዴቪት ያጭበረበረ ሰው አይደለም፤ ዋኝቷል፣ ግድግዳውን ነክቷል፣ የተሰጠውን ተቀብሏል። አሜሪካኖቹም ደንቡ ለዋና ዳኛው እንዲህ ያለ ሥልጣን አልሰጠውም ብለው ተከራከሩ፣ አልሆነላቸውም። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ውጤቱ ሲጻፍ ላርሰን 55.2፣ ዴቪትም 55.2 ተብሎ ተጻፈ። ዐይን ከሰዓት ይበልጣል የሚል ደንብ አስቀድሞ ካለ እቀበላለሁ፤ የሰው ልጅ ለብዙ ዘመን የኖረው በዚያ ነው። ዐይን ያየውን ለማስማማት ሰዓት የያዘውን ቁጥር መለወጥን ግን ልቀበለው አልቻልኩም። ሦስት ሰው ያልያዘው ቁጥር መዝገብ ላይ ገባ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን፤ ንጋቱ ጠርቶም መዝገቡ እንዳለ ነው።

ከዚህ በኋላ ዓለም ዐይንን ተወ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1967 ዊኒፔግ፣ ካናዳ በተካሄደው የፓን አሜሪካ ጨዋታ ላይ ኦሜጋ የሠራው የመንኪያ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ በቀጣዩ ዓመት ሜክሲኮ ኦሎምፒክ ገባ። ዋናተኛው ሰሌዳውን ሲጫን ሰዓቱን የሚያቆመው ራሱ ነው። በመሃል ጣት የለም። አዛውንቱ ያነሱት የጣት ችግር ተፈታ ማለት ነው። እኔም እዚህ ጋ ስደርስ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ሙኒክ ያለፍኩት ለማወቅ ጉጉት ያህል ብቻ ነው።

ሜትሩን ስንዘረጋ

በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ፣ 400 ሜትር ድብልቅ ቀዘፋ ላይ፣ ስዊድናዊው ጉናር ላርሾን 4:31.981፣ አሜሪካዊው ቲም ማኪ 4:31.983 ገቡ። የሰከንድ ሁለት ሺሕኛ። ወርቁ ለላርሾን ተሰጠ። ሰሌዳው አልተሳሳተም፣ ሰዓቱም አልተሳሳተም። ጥያቄው የመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

በዚያ ፍጥነት በሁለት ሺሕኛ ሰከንድ ውስጥ ዋናተኛ የሚሄደው ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኦሎምፒክ ገንዳ ደግሞ ሲሠራ ከ50 ሜትር በታች መሆን አይችልም እንጂ በጥቂቱ ቢረዝም ደንቡ ይፈቅዳል። ሲሚንቶና ሴራሚክ ነው፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ይከብዳል። ስለዚህ የአንዱ መስመር ከሌላው በሴንቲ ሜትር ሊለይ በሚችልበት ገንዳ ላይ ሰዓቱ የሚሊ ሜትር ዳኝነት ሰጠ። ሰውየውን ለካሁ ሲል ግድግዳውን እየለካ ሊሆን ይችላል። ከሙኒክ በኋላ ዋና ወደ መቶኛ ሰከንድ ተመለሰ፤ ሺሕኛውን መያዝ የሚችል ሰዓት እያለ ማለት ነው። እስከ መቶኛው እኩል ከሆኑ እኩል ናቸው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የኛን ገንዳ ሳልለካ ማደር አልቻልኩም። በቀጣዩ ሳምንት አጠገቡ ከሚሠራው ሕንፃ ፎርማን ረጅሙን ሜትር ተዋስኩ። ባለ ሠላሳ ሜትር ነው፣ ቢጫው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት። የአራተኛው መስመር ልጅ ውሃው ውስጥ ገብታ ዜሮውን ግድግዳው ላይ በአውራ ጣቷ ጥብቅ አድርጋ ያዘች፤ እኔ ወዲያ ማዶ ተንበርክኬ ወጠርኩት። መጀመሪያ ሜትሩ ውሃ ላይ ተኝቶ ረገበ፤ አሰልጣኙ መሃል ላይ ገብቶ በሁለት እጁ ከፍ አደረገልን። አጥብቄ ስስበው ቁጥሩ ቆመ። ሁለተኛው መስመር 21 ሜትር ከ87። አራተኛው ላይ ስንደርስ 21 ሜትር ከ96።

“ድገመው” አለኝ አሰልጣኙ። ደገምነው፤ ያው ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሁለተኛው መስመር በኩል የፈረሰውን ሴራሚክ የጠገነው ሰው በላዩ ላይ ደርቦ ስለሠራው ግድግዳው ሆዱ ወጣ ብሏል። እጅ ሲያስኬዱበት ይታወቃል።

ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር። ልጆቹ በሴኮንድ አንድ ሜትር ከአሥራ ስድስት ገደማ ነው የሚሄዱት፤ በዚያ ሂሳብ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ከሰባት የሰከንድ መቶኛ ትንሽ ይበልጣል። ልጅቷ የተሸነፈችው በስድስት ነው። ራሷ ሜትሩን ይዛ፣ ሂሳቡን ጮክ ብዬ ስሠራ እየሰማች ነበርና ፊቷ ሲበራ አየሁ። “እና እኔ ነኝ የቀደምኩት?” አለች።

እዚህ ላይ ነው ያደርኩበት። ሂሳቡ አዎ የሚል ይመስላል፤ የረዘመ መስመር ዋኝታ ያጣችው ስድስት ብቻ ከሆነ አንድ መቶኛ ከምናምን ትቀድማለች። አሰልጣኙም ያየው እሷን ነው። ነገር ግን ይህን አንድ መቶኛ የሚሸከም ምን አለን? በአንድ መስመር ላይ የቆሙት ሦስት ስልኮች እርስ በርሳቸው በ26 መቶኛ ተለያይተዋል። በሌላው በ18። በእንዲህ ያለ መለኪያ ላይ ቆሜ ለአንዲት ልጅ “አንቺ” ብላት፣ ሮም ላይ የተደረገውን በሌላ መንገድ መድገሜ ነው፤ ማንም ያልያዘውን ቁጥር መዝገብ ላይ ማስገባት። የበለጠ የሚከብደው ደግሞ ሂሳቡ የሚያምር መሆኑ ነው። የሚያምር ሂሳብ ሰውን ዝም ያሰኛል።

“አይታወቅም” አልኳት። “እኩል ናችሁ። እኩል ያልኩሽ ለማባበል አይደለም፤ ይህ ገንዳና ይህ ሰዓት ከዚህ በላይ መለየት ስለማይችሉ ነው።” ቅር አላት። ለማስረዳት የሲድኒን ነገርኳት፤ በ2000 ኦሎምፒክ 50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ላይ ጋሪ ሆልና አንተኒ ኧርቪን ሁለቱም 21.98 ገብተው ሁለቱም ወርቅ ወሰዱ። በ2016 ደግሞ በ100 ሜትር ቢራቢሮ ማይክል ፌልፕስ፣ ቻድ ለ ክሎስና ላስሎ ቼህ ሦስቱም 51.14 ሆነው አንድ ላይ ለብር ቆሙ። ሪዮ ሲባል የኛ ሰው ትዝ የሚለው ሌላ የዋና ታሪክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ከሪዮ ገንዳ የምወስደው እነዚያን ሦስት ሰዎች በአንድ ደረጃ ላይ ነው። ውድድሩን ያሳነሰ ሳይሆን ያከበረ ውጤት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሽልማቱ አንድ የዋና መነጽር ነበር። ሁለተኛውን አዋጥተን ገዛን።

ፈጣን ማለት የቱ ነው?

መነጽሩን ከሰጠን በኋላ አሰልጣኙ ልጆቹን ዳር ላይ ደርድሮ አስቀመጠና ለሚቀጥለው ውድድር ምን እናድርግ ብሎ ጠየቃቸው። በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ እንግዲህ ቁናውን እናንተ ምረጡ ማለቱ ነው። የሰፈራችን ገበያ ላይ በጣሳ ሲሸጥ ክምር ነው ወይስ ልሙጥ የሚባለው ከመሰፈሩ በፊት ነው፤ ከተሰፈረ በኋላ ከተነሳ ጠብ ነው። እኛም ክምርና ልሙጡን ሳንነጋገር ነበር ፊሽካ የነፋነው።

ከልጆቹ የመጣው መልስ አስገረመኝ። አንዱ ልጅ አንድ ጊዜ ሄዶ መንካት ዋና አይደለም፣ አሥር ጊዜ ተመላልሶ ነው የሚታወቀው አለ። የእህቴ ልጅ፣ ረጅም ርቀት የማትወደው፣ “እሱ የሚለካው ትዕግሥት ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም” ብላ ተቃወመችው። አቃቂ ወንዝ ዳር ካደገ አጎቱ ዋና የተማረ አንድ ልጅ ደግሞ ገንዳ ፈጣን አያሳይም፣ ወንዝ ነው የሚያሳየው አለ። ሁሉም ሳቁበት፤ እኔ ግን ልክ ነህ አልኩት። በወንዝና በባሕር የሚዋኙት የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ከ2008 ጀምሮ ኦሎምፒክ ውስጥ አለ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ግን አይያዝለትም። ውሃው ራሱ ይሄዳል። ከፍሰቱ ጋር የሄደና ፍሰቱን የተቃወመ በአንድ ሰዓት አይለኩም። እዚያ የሚቆጠረው በዚያ ቀን፣ በዚያ ውሃ ማን ቀደመ የሚለው ብቻ ነው፤ ለእኔ ይህ ጉድለት አይደለም።

ዓለም ፈጣኑን ዋናተኛ ለመጥራት የሚሄድባት ርቀት 50 ሜትር ናት። ብራዚላዊው ሴዛር ሲኤሎ በታኅሣሥ 2009 ሳኦ ፓውሎ ላይ 20.91 ዋኘ፤ ከ15 ዓመት በላይም ሳይሰበር ቆየ። ወደ ኪሎ ሜትር ሲቀየር በሰዓት 8.6 ገደማ ነው። አበበ ሮም ላይ ማራቶኑን ሁሉ የሮጠው በሰዓት 18.7 ኪሎ ሜትር ነው። በታሪክ ከፈጠኑት ዋናተኞች አንዱ በአጭሩ ርቀት የአበበን የማራቶን ፍጥነት ግማሽ እንኳ አይደርስም። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይወፍራል። ስለዚህ ዋና ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ግፊት፣ አንድ ልብስ ሁሉን ይቀይራል።

ልብሱም ቀይሮታል። በ2009 የዓለም ሻምፒዮና፣ ያውም ሮም ላይ፣ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ዋናተኞቹ ከፕላስቲክ መሰል ጨርቅ የተሠራ፣ ውሃ የማያስገባና ሰውነትን ከፍ አድርጎ የሚያንሳፍፍ ልብስ ለብሰው ነበር። ከጥር 2010 ጀምሮ ተከለከለ። የሲኤሎ 20.91 የተዋኘው ክልከላው ሊጀምር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ልብሱ ሲከለከል ቁጥሮቹ መዝገቡ ላይ ቀሩ። እዚህ ላይ ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ውሳኔ ጋር እስማማለሁ። በወቅቱ ደንብ የተዋኘ በወቅቱ ደንብ ይቆጠር፤ ደንብን ወደ ኋላ መሳብ ከላርሰን 55.2 አይለይም። ከጎኑ ግን ልብሱ ምን እንደነበር ቢጻፍ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ገንዳው ሲያጥር ደግሞ ሌላ ሰው ይነግሣል። በታኅሣሥ 2024 ቡዳፔስት ላይ የኬይማን ደሴቶቹ ጆርዳን ክሩክስ በ25 ሜትር ገንዳ 50 ሜትሩን በ19.90 ጨርሶ ከ20 ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከሲኤሎ ፈጠነ ማለት ነው? መሃል ላይ አንድ ጊዜ ዞሮ ግድግዳውን በእግሩ ገፍቷል፤ ከግድግዳ ተገፍቶ የሚወጣ ሰው ከሚቀዝፍ ሰው ይፈጥናል። ለዚህ ነው ዓለም ሁለት መዝገብ የሚይዘው፣ አንዱ ለ50 ሜትር ገንዳ፣ አንዱ ለ25። ክሩክስም ሲኤሎም ሳይነካኩ ይኖራሉ።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን የጄሰን ሊዛክን ነው። በ2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ 4 በ100 ሜትር ቅብብል የመጨረሻውን 100 ሜትር በ46.06 ዋኘ። ቻይናዊው ፓን ዣንሌ በ2024 ፓሪስ ላይ ዓለምን ያስደነቀበት ክብረ ወሰን 46.40 ነው። የሊዛክ ቁጥር ያንሳል፤ ክብረ ወሰን ሆኖ ግን አልተጻፈም። በቅብብል ሁለተኛውና ከዚያ በኋላ ያሉት ዋናተኞች የጓደኛቸውን መምጣት እያዩ ቀድመው መወዛወዝ ይጀምራሉ፤ እግራቸው ከመነሻው የሚለቀው ሰውነታቸው ቀድሞ እየተንቀሳቀሰ ነው። የመነሻ ድምፅ ሰምቶ ከቆመበት የሚነሳ ሰው ይህ የለውም። ስለዚህ በቅብብል ክብረ ወሰን የሚቆጠርለት የመጀመሪያው ዋናተኛ ብቻ ነው። ሊዛክ ያን ቀን የዋኘውን ያየ ሰው ፈጣን አይደለም ሊለው አይችልም። የተለካው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ይህንንም ሳይዘልፉትና ሳያሳንሱት መናገር ይቻላል።

ዝላዩ

ልጆቹ በመጨረሻ የተስማሙበት እንዲህ ነው። ፍጻሜ የደረሱት ልጆች በሁለቱም መስመር ላይ አንድ አንድ ጊዜ ይዋኛሉ፣ ሁለቱ ሰዓት ይደመራል፤ ሆዱ የወጣው ግድግዳ ለሁለቱም እኩል ይደርሳቸዋል። ልዩነቱ ከሦስት የሰከንድ አሥረኛ ካነሰ እኩል ናቸው። ይህን ሦስት አሥረኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በመጀመሪያው ቀን ስልኮቹ እርስ በርሳቸው የተለያዩበት ከዚያ ስለሚቀርብ ነው። የአሰልጣኙ ዐይን የሚጠራው ሰዓት እንዲይዝ የቆመ ሰው ሳይዝ ከቀረ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ በወረቀት ተጽፎ ከልብስ መቀየሪያው በር ላይ ተለጥፏል፤ ውሃ እንዳያበላሸው በላስቲክ ተጠቅልሎ።

ያልተስማሙበት አነሳሱን ነው። አንድ ረጅም ልጅ አለ፤ ከዳር ዘሎ ሲገባ ከሁሉም ይርቃል። ለእሱ ከውሃ ውስጥ ግድግዳ ገፍቶ መነሳት ግማሽ ጉልበቱን መቀማት ነው። “ዝላይም እኮ ዋና ነው፤ ኦሎምፒክ ላይ የሚጀምሩት ዘለው ነው” ይላል። ለእኔ ስጋት ግን መልስ አልነበረውም። መነሻ ሰገነት ላለው ገንዳ ደንቡ ከግድግዳው ከ1 እስከ 6 ሜትር ባለው ቦታ ቢያንስ 1.35 ሜትር ጥልቀት ይጠይቃል። የኛን በዚያው ሜትር ስንለካው ጥልቀቱ የሚያንሰው ጫፍ 1.10 ነው። አንገቱን የሚሰብር ልጅ ማየት አልፈልግም።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ጥልቁ ጫፍ 1.80 መሆኑን፣ ከዚያ በኩል ከተነሱ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ አስረዳን። ደግመን ለካነው፤ ልክ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ውድድር ሁለት ይሆናል። ጠዋት ከውሃ ውስጥ ተነስተው፣ ረፋድ ላይ ከጥልቁ ጫፍ ዘለው ይዋኛሉ። በሩ ላይም ሁለት ወረቀት ይለጠፋል፣ እያንዳንዱ የራሱ ስም ዝርዝር ያለው።